ሴይቶኩ፣ የሦስተኛው በር ፈታሽ

ኢሃ ሴይቶኩ የተወለደው ድንኳን ውስጥ ነው። ጦርነቱ ያበቃበት ዓመት ነበር፤ ከየዋሻው የወጣው የኦኪናዋ ሰው ሁሉ አሜሪካኖቹ በሽቦ ባጠሩት ሰፈር ታጉሮ ራሽን ይጠብቃል። አባቱ ወደ ደቡብ ለሚያፈገፍገው የጃፓን ጦር ጥይት ተሸክሞ ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቱም ወባ ያዛትና ልጇ ጥርስ ሳያበቅል አረፈች። ሕፃኑን ያነሳችው የአባቱ ታላቅ እህት ካማዱ ናት። ያኔ ያላገባች፣ ክንደ ወፍራም፣ ምላሰ ስለታም ሴት ነበረች። የሰፈሩ ሹማምንት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች እየሰበሰቡ ወደ ማሳደጊያ ሲወስዱ፣ እሷ ልጁን ከጀርባዋ አዝላ እንዳሠረችው ድንኳኑ በር ላይ ቆማ፣ የወንድሜን ልጅ የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ይውሰድ አለች። ማንም አልወሰዳትም።

ከሰፈሩ ሲለቀቁ ወደ መንደራቸው ወደ ኡፉባሩ ተመለሱ። መንደሩ ግን የለም። ቤቱም፣ የድንጋይ ካቡም፣ ሽማግሌዎች ሥሩ ይቀመጡበት የነበረው ዋርካም በቡልዶዘር ተደልድሎ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሆኗል፤ ዙሪያውም ታጥሯል። ለመንደርተኛው የተተወችለት ከአጥሩ ውጭ፣ በአጥሩና በባሕሩ መካከል ያለች ቀጭን መሬት ብቻ ናት። እዚያችው ላይ ተጠጋግተው ጎጆ ቀለሱ፤ ስሟንም ኡፉባሩ አሏት። እንደ ሴይቶኩ ያሉት ልጆች ኡፉባሩ ሲባል የሚያውቁት ይቺኑ ነው። ትልልቆቹ ግን "ኡፉባሩ" ሲሉ አገጫቸውን ወደ አጥሩ ያነሳሉ።

ከአጥሩ ወዲያ የተረፈ አንድ ነገር ነበር። ማኮብኮቢያው ካልደረሰበት ኮረብታ ጥግ ላይ የኢሃ ቤተሰብ መቃብር ቆሟል። ጣሪያው እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ፣ ደጁ ላይ ቤተዘመድ የሚቀመጥበት የድንጋይ ንጣፍ ያለው፣ ቤት የሚያህል መቃብር ነው። ውስጡ የትውልድ አጥንት በየማሰሮው ተደርድሯል። ከማሰሮዎቹ አንዱ የሴይቶኩ አባት ነው። አጥንቱ ስላልተገኘ ካማዱ ሞተበት ከተባለው የደቡብ ገደል ድረስ በእግሯ ሄዳ አንድ ነጭ ድንጋይ አንስታ መጣች። ማሰሮው ውስጥ ያለው ያ ድንጋይ ነው።

በየዓመቱ ጸደይ ላይ፣ ሺሚ በሚሉት በዓል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምግቡን ይዞ መቃብሩ ደጅ ይሄዳል። የሰባ የአሳማ ሥጋ፣ ቶፉ የሚሉት የተጠበሰ የአኩሪ አተር አይብ፣ የተቋጠረ የባሕር ቅጠል፣ የሩዝ ቂጣ በተደራራቢ ሳጥን ተሞልቶ ለሙታኑ ይቀርባል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ የወዲያኛው ዓለም ገንዘብ ነው የሚሉት ወረቀት ይቃጠልላቸዋል፤ ከዚያ ሕያዋኑ በየተራ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ልጆች ይቦርቃሉ። ለኢሃ ቤተሰብ ግን ሺሚ የሚጀምረው ከመቃብሩ ደጅ ሳይሆን ከጦር ሰፈሩ በር ነው። ፈቃድ ይጠየቃል፣ ይጠበቃል፣ ስም ይጠራል፣ ሳጥን ይከፈታል። ሴይቶኩ በሕፃንነቱ ሙታን ሁሉ በወታደር የሚጠበቁ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ እነሱ ወደ መቃብራቸው ዝም ብለው እንደሚሄዱ ሲነግረው፣ ታዲያ ሙታናችሁን ሰው ቢሰርቃችሁስ ብሎ ጠየቀው።

ካማዱ ልጁን ያሳደገችው ቶፉ እየሠራች ነው። ጎህ ሳይቀድ አኩሪ አተር ትፈጫለች፣ በባሕር ውሃ ታረጋለች፣ በጨርቅ ጨምቃ፣ በራሷ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። እጇ ዘወትር የባሕር ውሃና የአተር ሽታ አይለየውም። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ አንድ ወንድ አሳድጌ ሳልጨርስ ሌላ ወንድ ምን ያደርግልኛል ትል ነበር።

ሴይቶኩ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በደሴቲቱ ላይ ሥራ ማለት ከአጥሩ ወዲያ ያለው ነበር። ጓደኞቹ አንድ ባንድ ገቡ። እሱም መጀመሪያ በወታደሮቹ ምግብ ቤት ሳህን አጠበ፤ ቀጥሎ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ቀየረ፤ እንግሊዝኛውን እየለቃቀመ ለመደው። ደሴቲቱ ወደ ጃፓን በተመለሰችበት ሰሞን ለበሩ ጥበቃ አገር ተወላጆች ይፈለጋሉ ተባለ። የደንብ ልብስ አለው፣ ቋሚ ነው፣ ጡረታ አለው። ሴይቶኩ ፉሚዬ የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አጭቶ ስለነበር ቋሚ ሥራ ያስፈልገዋል። አመለከተ፤ ተቀበሉት። የተመደበው በሦስተኛው በር ነው፤ መቃብር ጠያቂዎች የሚገቡበት በር።

የደንብ ልብሱን ለብሶ ቤት የገባ ዕለት ካማዱ ቶፉዋን በድንጋይ ተጭና ውሃው እስኪጠፈጠፍ ትጠብቅ ነበር። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ቆብ አድርጓል፤ ደረቱ ላይ ምልክት ተሰፍቷል።

"እኔ እኮ አጥሩ ሽቦ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች። "ለካ ሰውም ይጨመርበታል።"

ከዚያ ራት አቀረበችለት። አልተቆጣችም፣ አልመረቀችም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ከሴይቶኩ ጆሮ ለዓመታት አልወጣችም።

ሥራውን ግን በደንብ ያዘው። መኪና ሲቆም ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረውን መስታወት ከሥሩ ይሰዳል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ያስከፍታል፤ መታወቂያን ከፊት ጋር ያስተያያል። ማመናጨቅ አያውቅም። የሰው ዕቃ ሲከፍት እጁን ጠርጎ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ፊት ያሳየው ነበር። ለልጁ ሥራ የሚፈልግ፣ ሴይቶኩ አንተ እኮ የኛ ሰው ነህ ይለዋል። መሬቱ ከአጥሩ ውስጥ የቀረበት ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን ወደ ባሕሩ አዙሮ ያልፋል። የመሬት ባለቤቶች ለሰልፍ ወጥተው በሩ ፊት መፈክር ሲያሰሙ፣ ሴይቶኩ ከውስጥ በኩል ቆሞ የአጎቶቹን ልጆች ፊት ለፊት ያያቸዋል። እነሱ እሱን እንዳላዩ ይሆናሉ፤ እሱም እንዳላያቸው ይሆናል። ማታ በአንድ ሱቅ ይገናኛሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ካማዱ የሺሚ ዕለት ሁልጊዜ በሌላኛው ፈታሽ መሥመር ነው የምትሰለፈው። ሰልፉ ቢረዝምም፣ ፀሐዩ አናት ቢበሳም ወደ ሴይቶኩ መሥመር አትመጣም። አንድ ዓመት ግን ባልደረባው ታሞ ቀረና ሴይቶኩ ብቻውን ዋለ። ካማዱ ከወንድሞቿ ልጆችና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። ሳጥኖቿን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት።

"ፈትሽ" አለችው። "አሳማው ቦምብ ነው። ቶፉው ጥይት ነው። የባሕር ቅጠሉ ግን ምንም አያደርግም፣ አትፍራው።"

ሴይቶኩ ክዳኖቹን አንድ ባንድ አነሳ፣ አየ፣ ከደነ። ቶፉው ያደገበት ቶፉ ነው፤ ሽታው አንጀቱ ድረስ ገባ። አሜሪካዊው ወታደር አጠገቡ ስለቆመ ለሁሉም እንግዳ እንደሚለው፣ "ማለፍ ይችላሉ፣ እማማ" አላት።

"ሰማችሁ?" አለች ካማዱ ወደ ዘመዶቿ ዞራ። "ቂጡን ያጠብኩት ልጅ 'እርስዎ' አለኝ።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሴይቶኩም ሳቀ። ለየሰዉ የሚሰጠውን ባጅ ሲያቀብላት ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ጠየቀችው። በእንግሊዝኛ 'እንግዳ' ይላል አላት። ባጁን በጣቶቿ አገላብጣ አየችው። ደረቷ ላይ አልሰካችውም። ከምግብ ሳጥኑ ማሰሪያ ላይ አንጠልጥላ፣ እንግዲያው እንግዳው አሳማው ነው ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ፈታሾቹም ለምደውላት ዝም ይሏታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። ሴይቶኩ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ፣ ዳረ። ፀጉሩ ከቆቡ ሥር ሸበተ። ካማዱ ጎበጠች፣ ቶፉውን ተወች፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ከዚያ በአሜሪካ መንትያዎቹ ፎቆች በአውሮፕላን ተመተው የፈረሱበት ዓመት መጣ። በማግስቱ የሦስተኛው በር መልክ ተለወጠ። የሲሚንቶ ብሎኮች ተደረደሩ፤ መኪና እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ብቻ የሚገባበት ሆነ። ወታደሮቹ የራስ ቁር አጠለቁ። ከመሬቱ ላይ ወፍራም ቢጫ መሥመር ተቀባ፤ ያልተፈቀደለት ሰው ያንን መሥመር ማለፍ አይችልም። ሴይቶኩ ለዓመታት በስም የሚያውቃቸው ሾፌሮች እጃቸውን ከመሪው ላይ ሳያነሱ እንዲጠብቁ ታዘዙ። በተከተለው ሺሚ ለመቃብር የሚሆን ፈቃድ እንደሚሰጥ ተነገረ፤ ነገር ግን በጥብቅ መመሪያ። የሚገባው ሰው ስም አስቀድሞ ይላካል፤ በሩ ላይ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ ሰውየው አይገባም። የመንደሩ ሊቀመንበርም እንደ ወትሮው ሰዉን በሚጠራበት ስም ጽፎ ላከ።

የበዓሉ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከባሕር ይነፍስ ነበር። የኢሃ ቤተሰብ በሁለት መኪና መጣ። ካማዱ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። መሥመር መምረጥ የለም፤ ፈታሹ ሴይቶኩ ነው፤ ከጎኑ ሁለት ወጣት ወታደሮችና አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ዶብሰን ቆመዋል።

ሴይቶኩ ስም እየጠራ መታወቂያ ሲያይ ካማዱ ጋ ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 'ኢሃ ካማዱ' ነው። መታወቂያው ላይ ያለው 'ኢሃ ካሜኮ' ነው። ነገሩን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። በጦርነቱ የቤተሰብ መዝገቡ ሁሉ ተቃጥሎ ሰው እንደገና ሲመዘገብ፣ ጸሐፊው ካማዱ የሚባል ስም የባላገር ነው ብሎ የዋናውን ጃፓን ስም የሚመስል ስም ሰጣት። በዚያ ስም ከመታወቂያዋ ሌላ የጠራት የለም። እስከ ዛሬም ማንም ልብ ብሎ አላየውም፤ ቢያየውም የሚያውቃት ሰው ነበር በሩ ላይ የሚቆመው።

ሴይቶኩ ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ ሊያሳልፋት አሰበ። ወጣቱ ወታደር ግን በትከሻው ላይ አሻግሮ ያይ ነበርና ጣቱን ስሙ ላይ አኖረ።

ሴይቶኩ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሮ አስረዳ። አንድ ሰው ናት፣ አሳዳጊ አክስቴ ናት፣ እኔ አውቃታለሁ አለ። ዶብሰን ክፉ ሰው አልነበረም። በጥሞና ሰማው። ከዚያ፣ አምንሃለሁ፣ ነገር ግን ዘመድህ መሆኗ ነገሩን ይብስ ያከብደዋል፤ ላንተ ዘመድ መመሪያው ከላላ ለነገው ሰው ምን እንመልሳለን፤ ወረቀቱን አስተካክላችሁ ሌላ ቀን አመልክቱ አለው። ሴይቶኩ ራሱ ይህንኑ ለብዙ ሰው ተናግሯል።

ወደ ካማዱ ሄዶ በአገራቸው ቋንቋ ነገራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ዘመዶቿ ግን ሰሙ። ወንዶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንደኛው የወንድሟ ልጅ፣ እሷ ካልገባች ማናችንም አንገባም ብሎ ሳጥኑን ወደ መኪናው ሊመልስ ተነሳ።

ካማዱ ከዘራዋን አስፋልቱ ላይ መታች። "ግቡ" አለች። "ሙታኑ በእኛ ስም ምን አገባቸው? ዓመት ሙሉ ጠብቀው ጾማቸውን ይዋሉ? ግቡ ብያለሁ።"

ገቡ። እየዞሩ እያዩዋት፣ ሳጥኖቻቸውን ተሸክመው ገቡ። ለእሷ አንድ ሳጥን፣ ዕጣንና ምንጣፍ ተዉላት። ካማዱ ወደ መኪናው አልተመለሰችም። ቢጫው መሥመር አጠገብ፣ ከውጭ በኩል፣ መኪና ከማያልፍበት ጥግ ምንጣፉን ዘረጋች። በዝግታ፣ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ተንበረከከች። ፊቷን ኮረብታው ወዳለበት አዞረች። ከዚያ መቃብሩ አይታይም፤ የሚታየው የአውሮፕላን ማቆሚያ ጣሪያ ነው። ሳጥኑን ከፍታ ፊቷ አስቀመጠች። መሄድ ያልቻለ ሰው ከሩቅ የሚያደርሰው ጸሎት አለ፤ በባሕር ማዶ ያሉ፣ በሽተኞች፣ እስረኞች የሚያደርሱት። ካማዱ እጆቿን አጋጥማ ያንን ጀመረች። በመጀመሪያ ሩቅ የሆኑትን አባቶች፣ ከዚያ እናቷን፣ ከዚያ ወንድሞቿን ጠራች። ዕጣኑን ግን አልለኮሰችውም፤ በበሩ አካባቢ እሳት ክልክል መሆኑን ታውቃለች።

መኪኖች ይመጣሉ፣ ይቆማሉ። ሴይቶኩ አንዱን ፈተሸ፣ አሳለፈ። ሁለተኛውን ፈተሸ፣ አሳለፈ። ከጀርባው ድምፅዋ ይሰማዋል። የአባቱን ስም ስትጠራ ሰማ። እሱ በዕድሜው ሙሉ 'አባቴ' ብሎ ጠርቶት የማያውቀውን ሰው እሷ በሕፃንነት ስሙ፣ አብሮ አደግ እንደሚጠራራበት ነበር የምትጠራው። ልጅህን አደራ ብለኸኝ ሄድክ፣ ይኸው አድጓል፣ ሰው ሆኗል፣ እዚህ ቆሟል፣ እየው ትል ነበር።

ሴይቶኩ ቆቡን አወለቀ። ዱላውንና ሬድዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወጣቱ ወታደር ምን ሆንክ አለው። ቢጫውን መሥመር ተሻግሮ አክስቱ አጠገብ ሊንበረከክ ሲል ካማዱ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

"ጫማህን አውልቅ" አለችው። "አባትህ ፊት ነህ።"

ጫማውን አወለቀ። ተንበረከከ። ከኋላው ዶብሰን በስሙ ሲጠራው ሰማ፤ አንድ ጊዜ በሥርዓት፣ ሁለተኛ ጊዜ በቁጣ። የመኪናው ሰልፍ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። አንድ ሰው ጥሩምባ ነፋ፤ ከዚያ ያም ተወ። ካማዱ ጸሎቷን ሳታቻኩል ጨረሰች። ከሳጥኑ አንድ ቁራጭ ቶፉ አንስታ በእጁ ሰጠችው። የገበያ ቶፉ ነው፣ አይጣፍጥም አለችው። በላ።

የበርን ጥበቃ ትቶ መሄድ እንደ ዋዛ የሚታይ ጥፋት አይደለም። ሴይቶኩ በማግስቱ ተጠርቶ ጥያቄ ቀረበለት። ለምን እንደሄደ ሲጠይቁት፣ ተጠራሁ አለ እንጂ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። ዶብሰን ደግ ቃል መስክሮለታል፤ ብዙ ዘመን ያለ ነቀፋ ያገለገለ ሰው መሆኑን ተናግሯል። አላባረሩትም። ከሥራ ታግዶ ከቆየ በኋላ ግን ከበሩ ተነስቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ብርድ ልብስና የድንኳን ሸራ እየቆጠረ ጡረታውን እንዲጠብቅ ተፈረደበት። ፉሚዬ አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት ቢታገሥ ምን ነበረበት ብላ ለልጆቿ ተናገረች፤ ፊት ለፊት ግን አንድም ቃል አልወጣትም።

ይበልጥ የከበደው የመንደሩ ነገር ነው። ለዓመታት ሰላምታ ይነፍጉት የነበሩት ሰዎች ጠርሙስ ይዘው ይመጡ ጀመር። ጀግና አሉት። በሰልፉ ላይ ንግግር አድርግልን ያሉትም ነበሩ። ሴይቶኩ ጠርሙሱን ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ንግግሩን እምቢ ይላል። አንድ ቀን ለካማዱ፣ ትናንት ባንዳ ያሉኝ ዛሬ ጀግና ይሉኛል፤ እኔ ያው አንዱ ሰው ነኝ አላት። ካማዱ ሐብሐብ እየላጠች ነበር። የሰው አፍ እንደ ማዕበል ነው፣ ሲመጣም ሲሄድም አሸዋ ይወስዳል፤ አንተ ግን ያን ጊዜም ባንዳ አልነበርክም አለችው። ከደንብ ልብሱ ቀን ጀምሮ የጠበቃት ንግግር ይህች ነበረች። ሴይቶኩ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እዚያም ብዙ ቆየ።

ካማዱ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የሸንኮራ አገዳው ሲቆረጥ፣ በእንቅልፏ አረፈች። አልታመመችም። ጠዋት ፉሚዬ ገንፎ ይዛላት ስትገባ እጇ ቀዝቅዞ አገኘችው።

አስከሬኗ ተቃጥሎ አጥንቷ ማሰሮ ውስጥ ገባ። በልማዱ ወደ ቤተሰቡ መቃብር መግባት አለባት። ሴይቶኩ ፈቃዱን ራሱ ጠየቀ። ሟቿን፣ ራሱንና ሦስት ዘመዶችን በመታወቂያቸው ፊደል አስመዘገበ፤ የቀብር ነው ስለተባለ ፈቃዱ ቶሎ መጣ። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ማሰሮ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ዕድሜውን ሙሉ በቆመበት በር በእንግዳ መሥመር ተሰለፈ።

ጠረጴዛው ኋላ የቆመው ቺባና ሞሪዮ ነው። ሴይቶኩ ሥራውን ያስተማረው ልጅ ነበር፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ሞሪዮ መታወቂያዎቹን አየ፣ መኪናውን ፈተሸ፣ አበባውንና ዕጣኑን አየ። ማሰሮው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። አጠገቡ አዲስ የመጣ ወታደር ቆሟል፤ መመሪያውም ያው ነው፤ የተዘጋ ዕቃ ሳይከፈት አያልፍም።

"ጋሼ፣" አለ ሞሪዮ፣ ድምፁ ወርዶ። "ይሄንን እኔ አልከፍትም። ይቅጡኝ።"

"ትከፍታለህ" አለው ሴይቶኩ።

"እማማ ካማዱን?"

"አዎ፣ እሷን። እሷስ በየትኛው ዓመት ሳትፈተሽ ገብታ ታውቃለች? አንተ ካልከፈትክ ያ ልጅ ይከፍታል። እሱ አያውቃትም። አንተ ክፈት።"

ሞሪዮ ጓንቱን አወለቀ። ወደ ውሃ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ፣ በመሐረቡ አደረቀ። ሴይቶኩ ጨርቁን ፈታ፤ ሞሪዮ ክዳኑን በሁለት እጁ አነሳ። ውስጡ አጥንቶቹ ነጭ ሆነው፣ በልማዱ የእግሩ ከታች የራሱ ከላይ ሆኖ ተደርድረዋል። ሞሪዮ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ግንባሩ ክዳኑን ሊነካ እስኪቃረብ ጎነበሰ፤ መልሶ ከደነ። ወጣቱ ወታደር አንድ እርምጃ ቀርቦ ነበር፤ ሁኔታውን ሲያይ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘመዶቹ ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። ሴይቶኩ አላለቀሰም። ጨርቁን ከሞሪዮ ጋር ተጋግዘው እንደገና አሰሩት።

ባጅ ተሰጣቸው። ሞሪዮ ለማሰሮው ይስጥ አይስጥ ሲያመነታ አይቶ ሴይቶኩ፣ ለእሷ አያስፈልግም፣ ቤቷ ነው አለው።

አጃቢ ወታደር ፊት ፊት እየመራቸው ማኮብኮቢያውን ዳር ዳሩን አልፈው ኮረብታው ጥግ ደረሱ። የመቃብሩን አፍ የዘጋውን ድንጋይ ወንዶቹ ተጋግዘው ገለል አደረጉት። ሰው መሬት ለመሬት እየዳኸ ነው የሚገባበት። ሴይቶኩ ማሰሮውን ይዞ ገባ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፤ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረው። የእጅ ባትሪውን ዙሪያውን አዞረ። ማሰሮዎቹ በየደረጃው ተቀምጠዋል፤ ከፊሎቹ ስማቸው ጠፍቷል። የአባቱን ለየው። ክዳኑን ከፍቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከፈተው። ድንጋዩ እንቁላል የሚያህል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የዛጎል ድንጋይ ነው። ያቺ ሴት ይህን ከደቡብ እስከ ሰሜን በመቀነቷ ቋጥራ፣ እሱን በጀርባዋ አዝላ፣ በእግሯ እንደተጓዘች አሰበ። ማሰሮዋን ከማሰሮው አጠገብ፣ ጎን ለጎን አስጠጋው። "አክስቴ፣ ደርሰሻል" አላት። ከዚያ እየዳኸ ወጣ።

ከቀብሩ በኋላ ዘመዶቹ መቃብሩን ከአጥሩ ውጭ ስለ ማዛወር ማንሳታቸው አልቀረም። ከባሕሩ ዳር አዲስ የመቃብር ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ አጥንቱን አውጥቶ ወደዚያ ወስዷል። እስከ መቼ ሙታናችንን ለመጠየቅ ወታደር እንለምናለን አሉ። ሐሳባቸው ልክ ነው፤ ሴይቶኩም ልክ አይደለም አላለም። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ፣ እኔ የመቃብሩ ብቸኛ ባለቤት አይደለሁም፣ ብታወጡት አልጣላችሁም፤ ነገር ግን የመጨረሻው ማሰሮ የወጣ ዕለት ከእኛ ወገን ወደዚያ የሚገባበት ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም፤ ያኔ ኡፉባሩ ብሎ አገጩን ወዴት እንደሚያነሳ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው አለ። ነገሩ ለሌላ ጊዜ ተባለ፤ ሌላውም ጊዜ ለሌላ ጊዜ።

ሴይቶኩ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ፉሚዬ ቀድማው አርፋለች፤ እሷም እዚያው ገብታለች። የልጅ ልጆቹ በዋናው ጃፓን ናቸው፤ በሺሚ ሲመቻቸው ይመጣሉ። ቶፉ መሥራት ተምሯል፤ እንደ ካማዱ አይሆንለትም፤ አንዳንዴ ጨው ይበዛበታል፣ አንዳንዴ አይረጋለትም። የሆነውን ይዞ በሦስተኛው በር ይሰለፋል። ፈታሾቹ ዛሬ የማያውቃቸው ወጣቶች ናቸው። መታወቂያውን ሳይጠየቅ ያወጣል፣ ሳጥኑን ራሱ ይከፍታል፣ የመኪናው ሥር እስኪታይ እጁን ከጎኑ አድርጎ ይጠብቃል። ባጁን ሲሰጡት ይቀበልና ደረቱ ላይ ይሰካዋል። ከአጃቢው ወታደር ኋላ ሆኖ በዝግታ ወደ ኮረብታው ይሄዳል፤ ወታደሩ ወጣት ሆኖ ቢቸኩል እንኳ፣ እየቆመ ሽማግሌውን ይጠብቀዋል።